የተኛውን ሰው ማን ይቀስቅሰው

ሥራዬ ሰው መቀስቀስ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «የመጠበቂያ አዳራሽ ጥበቃ» ይላል እንጂ፣ እውነቱን ከተነጋገርን ቀኑን ሙሉ የማደርገው የሰው ትከሻ መነካካት ነው። ጌታዬ ይነሡ፣ እዚህ መተኛት አይቻልም። እናቴ ይቅርታ፣ ቀና ይበሉልኝ። አንዳንዱ አመስግኖ ይነሣል፤ አንዳንዱ ዘር ማንዘሬን ይረግማል። ባልደረቦቼ «አውራ ዶሮ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

የፍቅር ታሪክ ነው ብላችሁ የገለጣችሁት ከሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ፍቅሩ ገና ተኝቷል።

የኛ አየር ማረፊያ እንቅልፍ አይወድም። ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ሽቶ የሚሸጥበት መደብር አለ፣ ቸኮላት የሚሸጥበት አለ፣ ጫማ የሚጠርግ ማሽን እንኳ ሳይቀር አለ፤ ጋደም የሚባልበት ቦታ ግን የለም። ወንበሮቹ በሙሉ መሀል መሀላቸው የብረት ክንድ አላቸው። ለክርን ማሳረፊያ ነው ይባላል። ውሸት ነው፤ ሰው እንዳይጋደም ነው። አለቆቻችን የተኛ ሰው ሻንጣው ይሰረቃል፣ በረራው ያመልጠዋል፣ አዳራሹንም የአውቶቡስ መናኸሪያ ያስመስለዋል ይላሉ። እኔም ለብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው እል ነበር።

እንቅልፍ ደግሞ እንደየአገሩ ነው የሚመጣልኝ። ክራቫቱን ሳያላላ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ስብሰባ ላይ ያለ መስሎ የሚተኛ አለ፤ ስቀሰቅሰው አያፍርም፣ ብዙ ሠርቶ የደከመ ሰው መሆኑን ያየሁለት ያህል ኮራ ይላል። ጨርቅ አንጥፎ፣ የልጆቹን ጫማ አውልቆ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ደርድሮ የሚያስተኛ አለ፤ እሱን ስቀሰቅሰው ደግሞ ነይ አረፍ በይ ብሎ ቦታ ይለቅልኛል። ዓይኑን እያሸ አልተኛሁም፣ ማሰቤ ነው ብሎ የሚምል አለ። ይሄኛው የኛው ሰው ነው። እኛ ቀን ተኝተን ከተያዝን በሌብነት የተያዝን ያህል ነው የምናፍረው።

እሱን ያገኘሁት ወለል ላይ ነው። በሁለት ምሰሶዎች መሀል ኮቱን አጥፎ ተንተርሶ፣ ጫማውን አውልቆ እግርጌው ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሽ ብሏል። አጠገቡ የተጠቀለለ የመለኪያ ሜትር አለ። ያን ሰሞን አለቆቻችን ሰው የሚጋደምባቸው ረጃጅም ወንበሮች ሊገዙ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ እሱ ወንበሮቹን የሚሠራው ድርጅት ከውጭ አገር የላከው ባለሙያ ኖሯል። እኔ ይህን በምን አውቄ። ለእኔ የተኛ ሰው ነው።

በሁለት ጣቴ ነካ አደረግሁት፤ አልሰማኝም። ጠንከር አድርጌ ነቀነቅሁት። አንድ ዓይኑን ከፈተና በገዛ ቋንቋችን እሳት ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። እናቱ የዚህ አገር ሰው መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። እሳት አልተነሣም አልኩት። ሰው ሞቶ ነው? አልሞተም።

«ታዲያ ለምን ቀሰቀስሽኝ?» አለኝ።

ሥራዬ ነው አልኩት። ተነሥቶ ቁጭ አለና እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝ። በአስተያየቱ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ለምጄዋለሁ። ያየሁት ግን ሐዘኔታ ነው። ያ ነው ያናደደኝ።

ሜትሩን በእጁ እያገላበጠ ስለ አገሩ አወራኝ። እነሱ ከተማ ከምሳ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ሰው ይተኛል። አየር ማረፊያቸው ውስጥ መብራቱ ደብዘዝ ያለ አዳራሽ አለ፤ ረጃጅም ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ የሚጠጣ ውኃ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መንገደኛው በረራ ካለው «ቀስቅሱኝ» የሚል ካርድ ሰዓቱን ጽፎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ካርድ የሌለውን ሰው ግን ማንም አይነካም። የተኛን ሰው ያለ ፈቃዱ መቀስቀስ ገላውን የሚታጠብን ሰው በር መክፈት ማለት ነው እነሱ ዘንድ። እንደዚህ ሲለኝ የቀሰቀስኳቸው ሰዎች ሁሉ ገላቸውን ሲታጠቡ ታዩኝና ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ወንበሮቹ አልተገዙም። የተጋደመ መንገደኛ መደብር አይገባም ተባለ። እሱ ግን ወንበር ወደማይገዛ አየር ማረፊያ በየሰበቡ ይመላለስ ጀመር። አንዴ ልኬቱ ተሳስቷል ብሎ መጣ፤ አንዴ ልኬቱ ትክክል መሆኑን ላረጋግጥ ብሎ መጣ። የሠራተኞች ካፌ ውስጥ ሻዬን ስጠጣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሲሄድ ደግሞ መልእክት ይልክልኛል። ዛሬስ ስንቱን ቀሰቀስሽ ይለኛል። ከአንተ በቀር ሁሉንም እለዋለሁ። ተረኛ አለቃችን ነገሩ ሲገባው ከት ብሎ ሳቀ፤ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለኝ። በኋላ እሱን «እንቅልፌ» እያለ ይጠራው ጀመር። ስሙ ጸና፤ እኔም እዚሁ በዚሁ ስሙ ልጥራው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደንዝዣለሁ። የሞተች ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሆስፒታል ስደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። አላለቀስኩም። ሰው ሊያጽናናን ሲመጣ ሻይ ስቀዳ፣ ወንበር ሳቀብል ዋልኩ። አክስቴ በተሰበሰበው ሰው ፊት «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብላ ነገር ወረወረችብኝ፤ እውነቷን ይሆናል አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲያ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሲስቁ እስቃለሁ። ግን ሰው ሲያናግረኝ በወፍራም መስታወት ወዲያ ማዶ ሆኖ የሚያናግረኝ ይመስለኛል። እንቅልፌን ወድጄው ነበር ወይ ብትሉኝ ወድጄዋለሁ። ፍቅሩ እንዳለ አውቃለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ያለ ቁልፍ እንዳለ እንደማውቀው ነው የማውቀው።

እሱም አውቆብኛል። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ ብዙ ሲያየኝ ቆየና «አንቺ እኮ ዓይንሽን ከፍተሽ የተኛሽ ሰው ነሽ» አለኝ።

«ታዲያ ቀስቅሰኛ» አልኩት።

«እኔ ሰው አልቀሰቅስም። ራስሽ እስክትነቂ አጠገብሽ ቁጭ እላለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ትቀልጥ ነበር። እኔ ሻዬ ቀዝቅዟል አልኩት። ቤቴ ገብቼ ግን ንግግሩን ለብቻዬ ደጋገምኩት። ደስ ሊለኝ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ደስ የሚለው ሰውነቴ ግን የት እንደሄደ አላውቅም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እያወራሁት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሸለብ አደረገው። እጄ የሥራ እጅ ነው፤ ሳላስበው ትከሻውን መታ አደረግሁት። ደንግጦ ተነሣ። እስከ መሄጃው ድረስ እንደከፋው ነበር። ሊሰናበተኝ ሲል አባቱን እናቱ አንድም ቀን ቀስቅሳው እንደማታውቅ ነገረኝ። «የሚወደኝ ሰው እስክነቃ ይጠብቀኛል» አለኝ። ይህችን ቃል ያዝኳት። ለሌላው ዶሮ ብሆንም ለእሱ አልሆንም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከእናቴ ሞት ወዲህ በኛ ቤት በቀን የሚጋደም ሰው የለም። ጉንፋን ቢይዘኝ እንኳ ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ነው የማስለው። አባቴ ሳሎን የነበረውን ረጅም ሶፋ ለጎረቤት ሰጠና በምትኩ ደረቅ ወንበሮች አመጣ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። የሾፌር ነገር ነው፣ እንቅልፍ መሪ ላይ የጣላቸውን ጓደኞቹን አስቦ ነው ብዬ ተውኩት። እኔና አባቴ ብዙ አንነጋገርም። እንዋደዳለን፤ ግን በመካከላችን የምትናገረው እናቴ ነበረች።

የእንቅልፌን ነገር፣ ሊያገባኝ እንደሚፈልግ፣ ለአባቴ የነገረችው አክስቴ ናት። የውጭ አገር ሰው መሆኑን ሰምቶ ምንም አላለም። ኑሮው ከኛ ኑሮ እንደማይገናኝ፣ ቤተሰቡ ባለ ፋብሪካ መሆናቸውን ሰምቶ ለሷ ከተስማማት አለ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እንደሚተኛ ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ቀን የሚተኛ ሰው ቤት አይጠብቅም» አለና ወሬውን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ባነሣሁበት ቁጥር ተነሥቶ ይወጣል። እኔም ለእንቅልፌ ቁርጡን ነገርኩት፤ አባቴ ከእኔ ሌላ ሰው የለውም፣ እሺ ሳይለኝ የትም አልሄድም አልኩት። እጠብቃለሁ አለኝ። መጠበቅ ያውቅበታል።

በመጨረሻ እንቅልፌ ሩቅ አገር ለረጅም ጊዜ ሥራ ተቀጠረ። ሲሄድ በኛ አየር ማረፊያ ያልፋል፤ በሁለቱ በረራዎች መሀል ትንሽ ሰዓት አለው። የአባቴን መልስ ሳይሰማ መሄድ አልፈለገም። እኔ ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ አንድ ማታ እራት ላይ አባቴን ለመንኩት። ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«አንድ ጊዜ አየዋለሁ» አለኝ። «ዓይኔ ካልወደደው ግን ስሙን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

እንቅልፌ የደረሰው እኩለ ቀን ገደማ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ተጨማዷል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶበት ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አባቴ መንገድ ላይ መሆኑን ነገርኩት። መስኮቱ ዳር፣ ጥግ ላይ ያለው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት። የእንቅልፍ ካርዱን ከኪሱ አወጣ፤ ሲጓዝ ሁልጊዜ ይዟት ይዞራል። አየት አደረጋት፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ፈገግ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት። እስኪመጡ ዓይኔን ከደን ላርግ አለኝ፤ ተናግሮ ሳይጨርስ እንቅልፍ ጣለው።

ካርድ ከሌለ አይቀሰቀስም፣ ደንባቸው ነው። አንቺ አጠገቤ ካለሽ ማንም አይቀስቅሰኝ፣ እስክነቃ ትጠብቂኛለሽ ብዬ አምኜሽ ልተኛ ያለኝ መሰለኝ። አመነኝ አልኩ። ትልቅ ነገር ነው፤ ደረቴ ውስጥ ግን ምንም አልተነቃነቀም።

የዚያን ቀን በሥራ ዘመኔ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ የሰው እንቅልፍ ጠበቅሁ። የጽዳት ማሽን የሚነዳውን በዚያ በኩል ዙርልኝ አልኩት። የሚሯሯጡ ልጆችን ወደ ሌላ ጥግ ሸኘሁ። አለቃችን በሩቁ አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ።

አባቴ ከዋናው በር ላይ ደወለልኝ። የመግቢያ ፈቃድ አስወጥቼለት ነበር፤ ሄጄ ተቀበልኩት። ለትልቅ ቀን የሚለብሰውን ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። አንዴ ብቻ ለማየት የመጣ ሰው እንዲህ አይለብስም ብዬ አሰብኩ። ወደ አዳራሹ ስንሄድ ቀድሜ ሮጬ እንቅልፌን መቀስቀስ እችል ነበር። እግሬ አልፈጠነም። ቃሌን ለመጠበቅ ይሁን ነገሩ ራሱ እንዳይሆን ፈልጌ ይሁን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አባቴ እምቢ ካለ ያው እንደነበርኩ እቀጥላለሁ። እሺ ካለ ግን ሊሰማኝ ነው፤ ስሜት ያለው ሰው መሆን ሊኖርብኝ ነው።

ደረስን። እንቅልፌ አንገቱ ወደ ቦርሳው ዘሟል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ የአንድ ጫማው ክር ተፈቷል። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ቀርቶ ሻንጣ ሊጠብቅ የተቀጠረ ሰው እንኳ አይመስልም።

«ይሄ ነው?» አለ አባቴ።

«ይሄ ነው አባዬ።»

ዞሮ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየው ጀመር። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ የእንቅልፌ በረራ መሳፈር መጀመሩን የሚናገረው ጽሑፍ ብልጭ ይላል። አባቴም ጽሑፉን አነበበው።

«ቀስቅሺው» አለኝ።

እጄ ወጣ። ይህ እጅ ስንቱን ቀስቅሷል፤ ሚኒስትር ቀስቅሷል፣ መነኩሴ ቀስቅሷል። ትከሻው ጋ ሲደርስ ተመለሰ።

«አልችልም አባዬ። እነሱ ዘንድ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። የሚወደኝ ሰው እስክነቃ ይጠብቀኛል ብሎኛል።»

አባቴ ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሣም። ካልተኛ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከትናንት ጀምሮ መሆኑን ነገርኩት።

«አዘንሽለት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስሚኝ» አለኝ።

አባቴ ወሬ አያበዛም። ያን ቀን የነገረኝን ያህል በአንድ ጊዜ ነግሮኝ አያውቅም። እናቴ ሆስፒታል ሳለች ሌሊቱን ሁሉ ከአልጋዋ አጠገብ እየተቀመጠ ቀኑንም እዚያው ይውል እንደነበር አውቃለሁ። የማላውቀው የመጨረሻውን ቀን ነበር። ከምሳ በኋላ ክፍሉ ጸጥ ሲል እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ አሸነፈው። ነርሷ ስትገባ የእናቴ ትንፋሽ ተለውጧል። የአባቴን ሁኔታ አየች፤ ልትቀሰቅሰው ፈለገች።

«እናትሽ ነቅታ ነበር» አለኝ። «ተዪው፣ ደክሞታል፣ ይተኛ አለቻት። የመጨረሻ ቃሏ ይሄ ነው። ነርሷ ናት በኋላ የነገረችኝ። ስነቃ እጇ በርዷል።»

ያን ሁሉ ጊዜ የሾፌር ነገር ነው ብዬ ነበር የኖርኩት።

«እናትሽን አልቀየማትም። ወዳኝ ነው። ነርሷም አንጀቷን በልቻት ነው። ሁሉም አዘኑልኝና ሳልሰናበታት ቀረሁ።» ኮቱን ሳብ አድርጎ «አንቺም አባትሽ ሰው የማይወድ እየመሰለሽ ኖርሽ» አለኝ።

አንድ ነገር ልለው ይገባ ነበር። እጁን ልይዘው ይገባ ነበር። ግን የተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ፣ ወደ ውስጥ አልገባም። ያየሁት የኮቱን አዝራር ነው። ራሱ የሰፋት መሆን አለበት፣ ክሩ ሌላ ቀለም ነው።

ድምፅ ማጉያው የእንቅልፌን በረራ ለመጨረሻ ጊዜ ጠራ። አባቴ በሁለት እጁ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣ። ሄዶ ያን መሪ ሲይዝ የኖረ ሰፊ እጁን እንቅልፌ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«ልጄ» አለው። «ልጄ፣ ተነሥ። ጥለውህ ሊሄዱ ነው።»

እንቅልፌ ዓይኑን ገለጠ። ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሰሌዳውን አየ። ሁሉም ነገር ባንዴ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ሊነሣ ሲል ቦርሳው ወደቀ፤ ቦርሳውን ሊያነሣ ሲል የገዛ ክሩን ረገጠ። መቼ እንደመጡ ጠየቀ፣ ይቅርታ ለመነ፣ ያዘጋጀውን ንግግር ከመሀሉ ጀመረ። አባቴ በእጁ አስቆመውና ቆየት ብያለሁ፣ አይቼሃለሁ፣ አሁን ሂድ አለው።

እንቅልፌ ወደ እኔ ዞረ። «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ካርድህን አልሰቀልክማ። በአገርህ ካርድ የሌለው ሰው አይነካም አላልክም?»

«አንቺ አገር ነኝ እኮ። እዚህ የተኛ ሁሉ ይቀሰቀሳል፤ ቀስቃሿ ደግሞ አንቺ ነሽ። አባትሽ ሲመጡ ታስነሣኛለች ብዬ ነው የተኛሁት።»

እኔ በእሱ አገር ደንብ ስጠብቀው እሱ በእኔ አገር ደንብ ተኝቷል። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። አባቴ ከወዲያ ሆኖ «ሁለት ጅሎች» ሲል ሰማሁት። ቁጣ አልነበረበትም።

ሬዲዮዬን አንሥቼ አንድ መንገደኛ እየሮጠ ነው፣ በሩን ያዙልኝ አልኩ። አለቃችን አውራ ዶሮ ዛሬ አረፈደች ብሎ መለሰልኝ፤ በሩ ግን ተያዘ። እንቅልፌ የአባቴን እጅ ይዞ ጎንበስ አለና እጁን ሳመ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሲያየኝ የሚቸኩል ሰው አይመስልም ነበር። የሚለውን ሁሉ በዓይኑ ብሎኝ፣ ክሩ እንደተፈታ ሮጠ። ጥጉ ጋ ሲታጠፍ ዞሮ እጁን አነሣ። እኔም አነሣሁ።

ቦታው ባዶ ሆነ። አባቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በመስኮቱ አይሮፕላኑ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲገፋ ይታያል። ቁርጡን ማወቅ ፈለግሁ።

«አባዬ፣ እና ምን ትላለህ?»

«ልጄ ብዬው የለ?» አለኝ። «ሌላ ምን ቃል አለኝ?»

እሺ ማለቱ ነው። ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር የኖርኩት። ደስታው እስኪመጣ ብዬ ተቀመጥኩ። ደስታው አልመጣም፤ የመጣው ሌላ ነው። ተዪው፣ ደክሞታል፣ ይተኛ። የእናቴን ድምፅ እሷው እንደምታወራው አድርጌ ሰማሁት፤ ያን ሰው እንዳይረበሽ ብላ ቀስ አድርጋ የምትናገርበትን ድምፅ። ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረችውን ዛሬ ገና ሰማሁ። መጀመሪያ የሳልኩ መሰለኝ፤ አፌን ያዝኩ፣ አልቆመም። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ በገዛ አዳራሼ መሀል፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። እማዬ፣ እማዬ አልኩ። ሕፃን ሆኜ እንኳ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም።

አባቴ ተይ አላለኝም። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ጠበቀኝ። በሌላው እጁ የራሱን እንባ ይጠርጋል።

አየር ማረፊያ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነው፤ ማንም ዞሮ አያይም። ከኋላችን የተቀመጠች አንዲት መንገደኛ ብቻ ልቧ አልቻለም። እንቅልፌ ሲሮጥም፣ እኔ እጄን ሳነሣም አይታ ኖሯል። ተነሥታ መጣችና መሐረብ አቀበለችኝ፤ ጉንጬንም ዳበስ አደረገችልኝ።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለችኝ። «የሄደ ሰው ይመለሳል።»

አባቴና እኔ ተያየን። እሺ አልኳት።